የዘጠነኛ «ሐ» ግድግዳ

ቃለ ጉባኤው ላይ እንድፈርም ብዕር ያቀበለኝ ርዕሰ መምህራችን አቶ ሰውመሆን ነው። ብዕሩን ፊቱ ላይ ብወረውረው ደስ ይለኝ ነበር። ያልወረወርሁት በጨዋነት አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ውሸት ከራሴ አፍ የወጣ ስለነበር ነው።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «የዘጠነኛ ሐ ክፍል ግድግዳ በመሬት መንቀጥቀጥ ምክንያት ተሰንጥቋል። ስንጥቁ በሲሚንቶ ተደፍኖ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ክፍሉ አገልግሎቱን ይቀጥላል።» ከሥሩ «ታይቱ፣ የጂኦግራፊ መምህርት» ተብሎ ለፊርማዬ ቦታ ተትቷል።

ነገሩ የተጀመረው በጥር ነው። ያን ሰሞን በአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬቱ እየተንቀጠቀጠ ሬዲዮው ሁሉ የሚያወራው ስለሱ ነበር። እዚህ ወረታ አንድ ብርጭቆ እንኳ አልተነቃነቀም፤ ልጆቹ ግን ፈሩ። እኔም ሁለት ደብተር ጠረጴዛ ላይ አጋጠምሁና የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ እንዳልሆነ፣ ፕሌት በሚባሉ ግዙፍ ቁራጮች እንደተከፋፈለ፣ ቁራጮቹም ቀስ እያሉ እንደሚሄዱ አስረዳኋቸው። ደብተሮቹን አራራቅሁ። «ስምጥ ሸለቆው እንዲህ ነው» አልሁ። ጎን ለጎን አጣብቄ ስገፋቸው ተያዙ፤ ጨክኜ ስገፋቸው ድንገት ተላቀቁ። «መሬት የሚንቀጠቀጠው ታምቆ የቆየው ጉልበት እንዲህ ሲለቀቅ ነው።» ለእሳተ ገሞራው እሳት ላይ ያለ ገንፎ ጠቀስሁ፤ ስስ ቦታ ፈልጎ ቡጭ ይላል። ግንበኞች የሚፈልጡት ጥቁር ድንጋይ ጥንት እንዲህ ቀልጦ የወጣ መሆኑን ስነግራቸው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

እዚያ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ትምህርት ቤቱ አንድ ካርታ እንኳ የለውም። የማሳያቸው ነገር ቢጠፋኝ ከመስኮቱ እስከ ወለሉ የወረደውን ስንጥቅ በጠመኔ ነካሁ። «ይኸውላችሁ! የመሬት መንቀጥቀጥ ግድግዳችንን ምን እንዳደረገው እዩ። ጻፉ!»

ከስንጥቁ ሥር የምትቀመጠው ሰገን እጇን አነሣች። አባቷ ባየህ ሩዝ አምራች ነው፤ ቤታቸውም ከማሳው ዳር ነው።

«መምህርት፣ ይኸስ የዋልካው ነው፣ የጥቁሩ አፈር። ክረምት ሲገባ ይገጥማል።»

«ከትምህርቱ አትውጪ፤ ተቀመጪ!» አልኋት። ልጆቹ ሳቁባት። እሷም ደብተሯ ላይ አጎነበሰች።

አሁን ያ ትምህርት ተመልሶ ቢሮ ውስጥ ጠበቀኝ። ከአቶ ሰውመሆን ጎን ግንባታውን የተቆጣጠረው መሐንዲስ አድማሴ ተቀምጧል።

«አንቺው ያስተማርሽው ነው እኮ» አለ አቶ ሰውመሆን። «የልጆቹን ደብተር አይተናል። መንቀጥቀጥ ነው ካልን ማንም አይጠየቅም። ፊርማ ምን ይጎዳሻል?»

ማንም አይጠየቅም! ደሜ ፈላ። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁና ሰገንን ከሜዳ ጠራኋት።

«የዋልካው ነው ያልሽኝ ምን አይተሽ ነው?»

ይዛኝ ወደ ክፍሉ ገባች። የፎገራ ልጆች፣ ክረምት ያበጠው ጥቁር አፈር በበጋ ደርቆ ሲሰነጠቅ፣ ጥጃ እግሩን እንዳይሰብር በየስንጥቁ ገለባ እየሰኩ ምልክት ያደርጋሉ። ሰገን በግድግዳው ስንጥቅም እንደ ማሳው ገለባ ሰክታለች።

«መስከረም ስንገባ ነው የሰካኋት፤ ያኔ ብስባት እምቢ አለች። አሁን ይዩ።» ገለባዋን ገና ስትነካት ወደቀች። ጣቶቿን ስንጥቁ ውስጥ አስገባች። «አባየ ቤታችንን ሲሠራ ዋልካውን ቆፍሮ ጨርሶ፣ ድንጋይ ሞልቶ ነው ግድግዳ ያቆመ። እኒህ ይኸን ክፍል የሠሩት ግን እስከ ጉልበት እንኳ አልቆፈሩም። ቢነግራቸው ‹አንተ እርሻህን እረስ› አሉት።»

መስከረም! የአዋሹ መንቀጥቀጥ ገና በሬዲዮ ሳይነገር።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጮህሁ።

«ነግሬዎት ነበር» አለች መሬት መሬት እያየች።

ንዴቴ ዞሮ እኔው ላይ አረፈ። እነሱ አባቷን እንደሰደቡት እኔም ልጂቱን ሰድቤያታለሁ፤ ያውም ክፍል ሙሉ ልጅ እያሳቅሁ።

ደወል ተደውሎ ልጆቹ ሲገቡ ቢሮ ተመለስሁ። «እፈርማለሁ» አልሁ። «ግን ክፍል ውስጥ፣ ልጆቹ ፊት።» ሁለቱም ደስ ብሏቸው ተከተሉኝ።

«ሰገን፣ ተነሽላቸው። ኢንጂነር፣ እዚህ ይቀመጡና ቃለ ጉባኤውን ያንብቡልን። አንብበው ሲጨርሱ እፈርማለሁ።»

አድማሴ ስንጥቁን እየተከተለ እስከ ጣሪያው አየ። «እዚሁ ይሻለኛል» አለ፣ ከበሩ ሳይርቅ።

«ይቀመጡ እንጂ! ክፍሉ አገልግሎቱን ይቀጥላል አይደል ያላችሁት? እሷ ከመስከረም ጀምራ ተቀምጣበታለች።»

«ቆሜ ይሻለኛል አልሁ እኮ!»

አቶ ሰውመሆንን አየሁት፤ እሱም የበሩን ደፍ አላለፈም። አርባ ልጅ ሁለቱን ትልልቅ ሰዎች ያያል።

«ሰማችሁ?» አልኋቸው። «ወንበራችሁን ይዛችሁ ውጡ!»

«ማን ፈቅዶልሽ?» አለ አቶ ሰውመሆን።

ወረቀቱን ከኢንጂነሩ እጅ ወሰድሁ። ለፊርማዬ በተተወው ቦታ ላይ «ስንጥቁ ከመንቀጥቀጡ በፊት ነበር፤ መሠረቱ ዋልካ ላይ ነው» ብዬ ጻፍሁ፣ ፈረምሁ፣ ወረቀቱን በአቶ ሰውመሆን ደረት ላይ ለጠፍሁ።

ከግቢው ዛፍ ሥር ወንበሮቹ ተደረደሩ። «ደብተራችሁን አውጡ» አልሁ። «ስለ ግድግዳው ያጻፍኋችሁን ሰርዙና መምህርቷ ተሳስታለች ብላችሁ ጻፉ።»

ሁሉም አጎንብሰው ይሰርዙ ጀመር። ሰገን ብቻ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

«አንቺስ?»

ደብተሯን ገልጣ ሰጠችኝ። ፕሌቶቹ አሉ፣ ገንፎውም አለ። ስለ ግድግዳው መጻፍ የነበረበት መስመር ባዶ ነው።

«እኔ ያን ቀንም አልጻፍሁት» አለች ቀስ ብላ። «ይቆጡኛል?»