የሞሚና ድስት

ሞሚና «እሺ» ያለችው በሆሳዕና ማግስት ነው። ወይዘሮ ሣህሊቱ ምስር እየለቀመች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ክርስትና ትነሺልኛለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ሞሚናም «እሺ እትዬ» አለች። አፏ እንጂ ሆዷ እሺ አላለም። ግን ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻትን ሴት ፊት ለፊት ቆሞ እምቢ ማለት የሚቀለው ሰው ካለ እሱ ይፍረድባት።

ወይዘሮ ሣህሊቱ የሃምሳ አለቃ በላይነህ ሚስት ነበረች። ባሏን ተከትላ ከቡልጋ ወደ አሰበ ተፈሪ መጣች፣ እዚያው ቀበረችው፣ እዚያው ቀረች። ልጅ አልወለደችም። አንድ ዓመት ረዲያ የምትባል ቡና ለቃሚ ታማ፣ ለሕክምና ከመቻራ ልጇን ይዛ መጣችና ሣህሊቱ ጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ ተጠጋች። በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ ጠናባት። የረዲያ አማርኛ ከገበያ የተቃረመ ስለነበር ትልቅ ትንሽ ሳትለይ ሁሉንም «አንቺ» ነበር የምትለው።

«ሣህሊቱ፣ አንቺ ሞሚናን ያዥ» አለቻት። «ሥጋ ግን የእስላም ካልሆነ አታብዪያት።»

ረዲያ በተቀበረች በሳምንቱ ሣህሊቱ ገበያ ወጥታ አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማማሰያ ገዛች። ከሌላው ዕቃ ለይታ መደርደሪያው ጫፍ ላይ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ወዲህ ፋሲካ ሲመጣ፣ ገና ሲመጣ፣ አንዲት ዶሮ ለጎረቤቷ ለልብስ ሰፊው ለመስዑድ ትልካለች፤ እሱ ባርኮ ያርድላታል፤ ወጡ በዚያች ድስት ይሠራል። አንድ ጊዜ የቀን ሠራተኛ በሌላ ማማሰያ ብታማስለው ሣህሊቱ ወጡን እንዳለ ለውሻ ደፋችና ሌላ ድስት ገዛች። ይህን የምታደርገው እንግዲህ አንድ ጾም የማታጎድል፣ ማተቧን ለአንድ ቀን ፈትታ የማታውቅ ሴት ናት። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ነገሩን ያመጣችው ማሚቴ ናት። ማሚቴ የሣህሊቱ ጎረቤትና የማኅበር ጓደኛ ናት፤ ደግ ሴት ናት፣ ደግነቷ ግን በር አያንኳኳም። አንድ ቀን ማኅበር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሣህሊቱ፣ ነገ ብትሞቺ ይቺ ልጅ ምንሽ ናት ይባላል? ገረድሽ ነው የሚሏት» አለች። ይህ ቃል ሣህሊቱን ዘልቆ ወጋት። ማሚቴም መፍትሔውን አብራ ይዛ መጥታ ነበር። ክርስትና ትነሣ፣ ያን ጊዜ ሰው ፊት ልጅሽ ትሆናለች፤ ክርስትና እናቷም እኔ እሆናለሁ አለች።

ከዚያ በኋላ ሞሚና ወፍጮ ቤት ስትሄድ፣ ውኃ ስትቀዳ፣ «መቼ ነው የምትነሺው?» የማይላት ጠፋ። ማንም አልተቆጣትም። ሁሉም እየሳቀ፣ እየመረቀ፣ ትከሻዋን መታ መታ እያደረገ ነው የሚጠይቃት። ቢቆጧት ኖሮ መቆጣት ትችል ነበር፤ የሚመርቅን ሰው ግን ምን ይሉታል? ማሚቴ የማተቡን ሐር ሰማያዊ አድርጋ ፈተለች። ሣህሊቱ ከቦርደዴ በግ አስመጣች። ነጩን ቀሚስ ደግሞ የሰፋው ያው መስዑድ ነው። ሲለካት ቀና ብሎ አላያትም፤ «ርዝመቱ ይበቃሻል?» ብቻ አላት። ሞሚና ያን ቀን መንገዱን ሙሉ እያለቀሰች ተመለሰች።

ክርስትናው የታሰበው ለዳግማ ትንሣኤ፣ እሑድ ነው። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሞሚና ግቢ ውስጥ ዕቃ እያጠበች ማሚቴ መጣች። እየዞረች አየችና ያቺን ትንሽ ድስት ብድግ አድርጋ፣ «ከነገ ጀምሮ ይቺን መለየት ቀረ» ብላ ከሌሎቹ ድስቶች ጋር ዘፈዘፈቻት።

ሣህሊቱ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። መጣች፣ ድስቷን ከውኃው ውስጥ አወጣች፣ ቁጭ ብላ በአመድ ፈተገቻት። አለቀለቀቻት። እንደገና ፈተገቻት።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለቻት ማሚቴ።

ሣህሊቱ እጇን አየችው። «እንጃ፣ እጄ ለምዶ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ግን ሌላ ሆነ። «ማሚቴ፣ እስቲ ጠላሽን ሄደሽ ተመልከቺ።»

ማሚቴ እያጉረመረመች ወጣች። ሞሚና ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። እንባዋ እጥበቱ ላይ ይወርዳል።

«እውነቱን ንገሪኝ፤ ትፈልጊያለሽ?» አለች ሣህሊቱ።

«አልፈልግም እትዬ። የእናቴን ሃይማኖት መተው አልችልም።»

«ታዲያ ለምን እሺ አልሽ?»

«እምቢ ካልኩ ልጅዎ መሆኔ ይቀራል ብዬ ፈራሁ።»

ሣህሊቱ ድስቷን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ነጠላዋን ለበሰችና ወጥታ ሄደች።

ሞሚና አለቀልኝ አለች። ከመቻራ ወዲያ አጎት አላት፤ ፊቱን በቅጡ አታስታውሰውም። ልብሶቿን በሻሽ ቋጠረች። ነጩን ቀሚስ አጣጥፋ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ቤቱን ጠረገች፤ ለሌላ ሰው ቆሻሻ ትቶ መሄድ ነውር ነው። ከዚያ ቋጠሮውን እግሯ ሥር አድርጋ ተቀመጠች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሣህሊቱ ተመለሰች። ቋጠሮውን አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ልሂድ ብዬ ነው እትዬ።»

«ነገ ያን ሁሉ እንግዳ ጠርቼ ማን ሊያስተናግድልኝ? ፍቺው ይልቅ።» አጠገቧ ተቀመጠች። «መምሬ ጎበዜ ዘንድ ሄጄ ነው። ውኃውን እኔ እባርካለሁ፣ እሺታውን ግን ካንቺ አልቀበልም፣ ከልጅቱ ነው አሉኝ። የልጅቱን ሰምቼ መጣሁ አልኳቸው።»

«ተቀየሙኝ?»

«ከፍቶኛል፤ ምን እዋሽሻለሁ።» የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አደረገች። «በሰማይ ቤት የት ብዬ ነው የምፈልግሽ?»

ሞሚና እጇን ያዘቻት። «እኔ እፈልግዎታለሁ» አለች።

ሣህሊቱ ይህን ስትሰማ እንደ ሕፃን አለቀሰች፤ ሞሚናም አብራ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቱ ሞላ። ሣህሊቱ በማለዳ መስዑድን ጠርታ በጉን እሱ እንዲያርደው አድርጋለች። ማሚቴ ይህን ስትሰማ፣ «እኛስ ምን ልንበላ?» አለች።

«ለእናንተ ዶሮ አለ። በጉ የልጄ ነው።»

ሰው ግራ ተጋባ። ያልተነሣች ልጅ፣ የክርስትና ድግስ። ሣህሊቱ መሐል ቤት ላይ ተቀመጠች፤ በዋንጫ ማር ቀርቦላታል። መስዑድን በቀኟ፣ መምሬ ጎበዜን በግራዋ አስቀመጠች።

«በአገሬ፣ በቡልጋ፣ ያልወለደ ሰው የጡት ልጅ ያደርጋል» አለች። «ማር ያጠባል፣ ሰው ይመሰክራል፣ ከዚያ ወዲያ ልጅ ነው። ይወርሳል፣ ይቀብራል። እኔ ዛሬ ሞሚናን የጡት ልጄ አደርጋለሁ። ይህ ቤት የሷ ነው። ነገ ስሞት ምንሽ ናት የሚል ቢኖር፣ እናንተ አላችሁ።»

መምሬ ጎበዜ ጢማቸውን እያሻሹ፣ «ይሄ የቤተ ክርስቲያን ሥራ አይደለም፤ ምስክርነቱን ግን እሰጣለሁ» አሉ። መስዑድም «እኔም አለሁበት» አለ፤ ያን ጊዜ ሞሚናን ቀና ብሎ አያት።

ሣህሊቱ አውራ ጣቷን ማሩ ውስጥ ነከረች። ሞሚና «ቢስሚላሂ» ብላ ተንበረከከች። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ልጅ ሰው ፊት ጣት ስትጠባ አንዳንዱ ሳቀ። ጣቱ ድስት ሲፈትግ የሻከረ ነው። ማሩ ካለቀም በኋላ ሞሚና ቶሎ አልለቀቀችውም። ማሚቴ የፈተለችውን ሐር ጉያዋ ውስጥ እንደያዘች ከሁሉ በላይ ስታለቅስ ታየች።

ወደ ማታ እንግዳው ወጣ። ዕቃው ግቢ ውስጥ ተከምሯል። ሣህሊቱ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን እያሸች፣ እንደ ወትሮዋ፣ «ድስትሽን ለብቻ እጠቢ፣ እንዳትቀላቅዪው» አለች።

«እሺ እማዬ» አለች ሞሚና።

ሣህሊቱ ትከሻዋ ላይ ያለውን ነጠላ የት አደረግሁት ብላ ትፈልግ ጀመር።