የአውሮፕላን ሜዳው ሽርክና

አውሮፕላን ደብረ ማርቆስ ማረፍ ከጀመረ ወዲህ ወይዘሮ አገሬና ቢያዝን ተስማምተው አያውቁም። እሳቸው በቅሎ ያከራያሉ፤ እሱ አሮጌ ላንድሮቨር አለው። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ሁለቱም እየተጋፉ የመንገደኛውን ጓዝ ይሻማሉ።

አንድ የግንቦት ቀን መሪጌታ አካለ ወልድ ሮብ ገበያ ለሚባለው መንደር ቤተ ክርስቲያን የተገዛ ትልቅ ደወል ይዘው ወረዱ። ደወሉን ቢያዝን በአንድ በኩል፣ የወይዘሮ አገሬ ጫኝ በሌላ በኩል ያዙት።

«ልቀቁት!» አሉ መሪጌታ። «ለአንድ በቅሎ ይከብዳል፤ ዳገቱ ደግሞ የመኪና መንገድ የለውም። ካልተባበራችሁ ቅዳሴውን እዚሁ ሜዳ ላይ ልንቀድስ ነው።»

የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። ቢያዝንም ወይዘሮ አገሬም አፈሩ።

መኪናው ደወሉን እስከ ዳገቱ ግርጌ አደረሰው። ከዚያ ወይዘሮ አገሬ ሁለት በቅሎዎች ከፊትና ከኋላ አቁመው፣ ደወሉን በረጃጅም እንጨቶች ላይ አስረው እንደ ቃሬዛ አሸከሟቸው። ቢያዝን ጫማው በጭቃ እየተዋጠ ከጎን ደገፈ። ሮብ ገበያ ሲደርሱ እልልታው ቀለጠ፤ ጠላም ቀረበ።

ሲመለሱ ቢያዝን፣ «እትዬ አገሬ፣ ለምን አብረን አንሠራም?» አላቸው።

«በማን ስም?»

«በእኔ ነዋ! መኪና ዘመናዊ ነው።»

«ባላገሩ የሚያውቀው የአገሬን በቅሎ ነው። አንተን ማን ያውቅሃል?»

መንገዱን ሙሉ ተከራከሩ። ከተማ ሲገቡ ግን ተስማሙ። መኪናው የቢያዝን፣ በቅሎዎቹም የአገሬ እንደተባሉ ይቀራሉ፤ መጋዘኑና ሒሳቡ አንድ ይሆናል። መንገደኛ የምትቀበለውም የወይዘሮ አገሬ ልጅ ሸጊቱ ሆነች። ጥርጊያ መንገድ ባለበት መኪናው፣ ዳገት ባለበት በቅሎዎቹ ይሄዱ ጀመር።

ክረምቱ እንደወጣ ቢያዝን ሁለተኛ መኪና እንግዛ ብሎ ተነሣ።

«ቆይ» አሉ ወይዘሮ አገሬ። «አምበር ከተማ እንዳላማው የሚባል በቅሎ አከራይ አለ። እሱን ብናስገባ መኪና የማይደርስበት ቁይ ድረስ እንዘልቃለን።»

እንዳላማው ወሬውን ሰምቶ ራሱ መጣ። «እገባለሁ፤ ስሜ ግን አይነካም!»

«ማን ነካብህ!» ብሎ ቢያዝን ከት ብሎ ሳቀ።

በሳምንቱ የቁይዋ እማሆይ ወለተ ሰንበት ዓይናቸውን ታክመው ከአዲስ አበባ መጡ። ሸጊቱ ከአውሮፕላኑ ተቀብላ መኪናው ላይ አወጣቻቸው፤ አምበር ላይ የእንዳላማው በቅሎ ተጭና ጠበቀቻቸው። በማግስቱ ቁይ ሲገቡ ጎረቤቱ ከበባቸው።

«እማሆይ፣ በምን መጡ?»

«በሁሉም!» አሉ፣ ከበቅሎዋ እየወረዱ።