በቀኝ በኩል ያለው መሪ

«እኔማ ባለፈው ሳምንት እሑድ አይቼዋለሁ» አለ ፀጉር አስተካካዩ አባይነህ፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲሰማው። «ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ፣ ያቺን አረንጓዴ መኪናውን ክዳኗን ገልጦ እንደ ጎረምሳ ሲነዳ። እጁን አነሳልኝ።»

ለቀስተኛው ከንፈሩን መጠጠ። ሰርክአዲስ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ባሏን ዓምደሚካኤልን ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቷል፣ ዓይኗ አብጧል። ያም ሆኖ የአባይነህ ወሬ ሊያስቃት ምንም አልቀረውም። የዚያን እሑድ መኪናዋን የነዳችው እሷ ነበረች።

መኪናዋ እንግሊዝ ሠራሽ ኤም ጂ ናት፤ ዓምደሚካኤል በጃንሆይ ጊዜ ወደ አገሩ ከሚመለስ እንግሊዛዊ መምህር የገዛት። ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። ዘመድ «ልጅ የሌለው ሰው ልጅ የማይቀመጥበት መኪና ገዛ» ብሎ አማ፤ እነሱ ግን ሐሜቱን ከኋላቸው ትተው እንጦጦን ይወጡባት ነበር። በኋላ አገሩ በቀኝ መንዳት ሲጀምር የሰው መኪና ሁሉ መሪው በግራ ሆነ፣ የእሷ በቀኝ እንደሆነ ቀረ። አባይነህንም ሌላውንም ሰው ያሳሳተው ይኸው ነው፤ ግራ ወንበር ላይ ያየውን ሰው ነጂ አድርጎ ለምዷል። ዓምደሚካኤል እጁን ያነሳለትም እሷ «አባይነህ በግራህ ነው» ብላ በክርኗ ጎሸም ስላደረገችው ነው።

ዓምደሚካኤል ከጥላ በቀር ማየት ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ሰፈሩን በልምድ ስለሚሄድበት ማንም አልጠረጠረም። ሐኪሙ ቁርጡን የነገረው ቀን ስለ ዓይኑ አላለቀሰም፤ ለማንም እንዳትናገር ብቻ አስማላት።

«የፒያሳን ምላስ ታውቂዋለሽ» አላት። «ዕውሩ ሾፌር ብለው ስም ሲያወጡልኝ አልስማ። ከሞትኩም በኋላ አይበሉኝ።»

ዓይኑ ጨርሶ ሳይከዳው በፊት ማለዳ ማለዳ ጃንሜዳ እየወሰደ መንዳት አስተማራት። ዘመኑ የደርግ ነውና ቤንዚኑ በኩፖን ነው፤ እሑድም በታርጋ ቁጥር ተራ ነው የሚነዳው። ተራቸው በደረሰ እሑድ ግን ከንጉሥ አያንሱም ነበር። ነፋሱ ፀጉራቸውን ያምሰዋል፣ የቆዳው ወንበር ፀሐይ ሲሞቀው ደስ የሚል ሽታ ያመጣል፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሞተሩን ያዳምጣል። «አሁን ሦስተኛ» ይላታል። ማርሹ ድምፅ ሳያሰማ ሲገባላት «እሰይ፣ የኔ ሾፌር» ይላል። በዕድሜዋ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም።

የዓምደሚካኤል ታላቅ ወንድም ገብረክርስቶስ አጠገቧ መጥቶ ቁጢጥ አለ። ሠላሳ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ የጭነት መኪና የነዳ፣ ደግ ሰው ነው። አምስት ኪሎ ጋራዥ ያለው አንድ ሰው መኪናዋን እንደፈለጋት፣ አሁን በር ላይ እየጠበቀ እንደሆነ፣ የሚነዳት አጥታ ደጅ ቆማ ከምትዝግ ዛሬውኑ ይዟት ቢሄድ እንደሚሻል በለሆሳስ አስረዳት።

«አልሰጥም» አለች። «እኔ እነዳታለሁ።»

«መቼ ተማርሽ?»

ሁለት ዓመት ነዳኋት ብትል ዓምደሚካኤል ምን ሆኖ ሊባል ነው። ከዚያ ወዲያ የፒያሳ ሰው የቀረውን ራሱ ይሞላዋል።

«ሰሞኑን አስጀምሮኝ ነበር» አለች።

ገብረክርስቶስ ሐዘን ያናገራት መስሎት ትከሻዋን ዳበሳትና ሰውየውን ሊጠራ ተነሣ። እሷም ብድግ አለች። ጎረቤቷ እትዬ ሙሉነሽ ባሏ የሞተባት ሴት በሠልስቱ መኪና ውስጥ ገባች ሲባል ሰው ምን ይላል ብላ ነጠላዋን ያዘቻት፤ አልሰማቻትም። ግቢው ጥግ ወደቆመችው መኪና ሄዳ በቀኝ በኩል ገባችና ሞተሩን አስነሣች። ድንኳኑ በሙሉ አንገቱን አሰገገ። ገብረክርስቶስ በመኪናዋ በር አጠገብ ቆሞ እግሯን ያያል።

እጇም እግሯም ሥራቸውን ያውቃሉ። እንደ ቅቤ ልታንሸራትታት ትችል ነበር። ግን የሠላሳ ዓመት ሾፌር እያየ ነው፤ እንዲህ ያለ እጅ በሰሞኑ ትምህርት እንደማይመጣ አንድ ጊዜ ካየ ይገባዋል። ስለዚህ ፍሪሲዮኑን በቅጡ ሳትረግጥ ማርሹን ገፋችው። ማርሹ ጮኸ። ዓምደሚካኤል ቢሰማ ጥርሱን ያመው ነበር። መኪናዋ አንዴ ዘለለችና ጠፋች። አንዳንዱ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። እንደገና አስነሣቻት፣ እንደገና አስጮኸቻት። የምትወደውን ሰው በእጇ የምትመታ ያህል ተሰማት፤ እንባዋ መሪው ላይ ወረደ።

ገብረክርስቶስ መንዳት አቅቷት ያለቀሰች መሰለው፤ አንጀቱን በላችው። የጋራዡን ሰው በእጁ ምልክት አሰናበተውና በግራው በር ገብቶ በወንድሙ ቦታ ተቀመጠ።

«በቃ አታልቅሽ ሰርኬ፣ እንዳልሽው ትሁን» አላት። «ወንድሜ መንዳት እንጂ ማስተማር አያውቅበትም ነበር። እኔ አስተምርሻለሁ።»

«እሺ ጋሼ» አለች። መዳፏን ማርሹ ላይ አድርጋ፣ አንደኛው ወዴት እንደሚገባ እስኪያሳያት ጠበቀች።