የሃምሳ አለቃ ቱፋ የቤልጂግ ጃኬት

ይግዛውን በሰው ፊት ለማዋረድ አምስት ወር ተዘጋጅቻለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ይቅር ብዬዋለሁ እላለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝም አንገቴን ዝቅ አድርጌ ሰላም እለዋለሁ። ውስጤ ግን ይንተከተካል።

ይግዛው የቀድሞ ባሌ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት በትዳር ኖረናል፤ አሥሩን ስቶክሆልም፣ አረንጓዴው ባቡር የሚያበቃበት ሄሰልቢ። እኔ ቬሊንግቢ ልብስ ማስተካከያ ቤት እሠራለሁ። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የስዊድን ሽማግሌዎች ሲከሱ ኮታቸውን አጠብብላቸዋለሁ። እሱ እንደመጣን የተቀጠረው የተጣለ የጦር ልብስ የሚሸጥ መጋዘን ውስጥ ነበር። ልብሱ በጆንያ ይመጣል፤ እሱ የየትኛው አገር ጦር እንደሆነ እያየ ይለያል። እዚያ ነው በቤልጂግ ሬንጀር ፍቅር የወደቀው።

የቤልጂግ ሬንጀር ማለት ቤልጂጎች ከዛሬ ሰባ ዓመት በፊት ለፓራሹት ወታደሮቻቸው የሰፉት ጃኬት ነው። አረንጓዴና ቡናማ ቅርጾች እርስ በርስ ተቆላልፈው ታትመውበታል። ለኔ ጨርቅ ነው። የድሮ የጦር ልብስ ለሚሰበስቡ ሰዎች ግን ዓመቱ፣ ዚፑ፣ የኪሱ ቁልፍ፣ የክሩ ቀለም ሳይቀር ወሬ ነው። መጀመሪያ እስቅበት ነበር። የሰው ባል አዲስ አበባ ቤት ለመሥራት ይሯሯጣል፣ የኔው ጉድ የፈረንጅ ወታደር ውራጅ ይለቅማል እያልኩ ለጓደኞቼ አወራለሁ። እሱም ይስቃል። ከዚያ አንድ ሁለት እያለ አርባ አንድ ደረሰ፤ ምድር ቤት ያለው ዕቃ ማስቀመጫችን ለብስክሌት እንኳ ቦታ አጣ።

በሰብሳቢዎቹ ዘንድ ከሁሉ የሚበልጠው ቃል «ያልተነካ» የሚለው ነው። ጃኬቱ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ መርፌ ካልነካው ክብሩ ሌላ ነው። የይግዛው ጃኬቶች ሁሉ ያልተነኩ ናቸው ተብሎ ይወራል። እውነቱን የማውቀው እኔ ነኝ። ዚፑ የተሰበረውን ከሌላ ልብስ ዚፕ ፈትቼ ሰፍቼለታለሁ። እጅጌው የተቀደደውን እጅጌ ቀይሬለታለሁ። አንዱን ጃኬት ደግሞ በዚያው ቀለም ከታተመ የድንኳን ጨርቅ ቆርጬ፣ ከኮሌታ እስከ ታች እኔው ነኝ የሰፋሁት። ስፌቴ አያስታውቅም፤ ጉራ አይደለም፣ ሥራዬ ነው። እሱ ሲያሳያቸውም ሲሸጥላቸውም ያልተነካ ነው ሲላቸው እሰማለሁ፤ ዝም እላለሁ። ባሌ ሲከበር ደስ ይለኝ ነበር፣ ይኼንን አልደብቅም።

ከአርባ አንዱ አንዱ የአባቴ ነው።

አባቴ ሃምሳ አለቃ ቱፋ በ1952 ክረምት ከተባበሩት መንግሥታት ጦር ጋር ኮንጎ ዘምቷል። ቤልጂጎቹ አገሩን ለቀው ሲወጡ ስታንሊቪል አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ወታደር የአባቴን የቆብ አርማ አይቶ ወደደው። አባቴ አርማውን ሰጠው፤ ወታደሩ ጃኬቱን አውልቆ ሰጠው። አባቴ አርማ ጣልክ ተብሎ ሰባት ቀን ታስሯል፤ ይኼን ሲያወራ ግን ሁልጊዜ ይስቅ ነበር። ጡረታ ወጥቶ የትምህርት ቤት ጥበቃ ሲሆን ክረምት ክረምቱን እሱን ነበር የሚለብሰው። ኮሌታው ተበልቶ አልቆ ስለነበር ስዊድን ይዤው ከመጣሁ በኋላ ገልብጬ ሰፋሁት። አባቴ የሞተው እኛ ከመጣን በሁለተኛው ዓመት ነው፤ አልቀበርኩትም። ከሱ የቀረኝ ነገር ቢኖር ያ ጃኬት ነበር።

አንድ ጊዜ ይግዛው አንዱ ምርጥ ጃኬቱ የፋብሪካ ምልክት እንደጎደለው ነገረኝ፤ ከኮሌታው ሥር የምትሰፋዋን፣ ዓመትና ቁጥር የታተመባትን ትንሽ ጨርቅ ማለቱ ነው። ያባትሽን ፈትተሽ እዚያ ስፊልኝ፣ ያንን እንደሆነ ለማንም አናሳየውም አለኝ። ፈትቼ ሰፋሁለት።

የተፋታንበት ምክንያት ረጅም ነው። ሃሉንዳ የምትኖር አንዲት ሴት አለችበት፤ እሷን እንኳ ትቼዋለሁ። የሚያበግነኝ ሌላ ነው። ንብረት ስንካፈል፣ ስዊድኖቹ ቡዴልኒንግ የሚሉት ማለት ነው፣ ወረቀቱ ላይ «አርባ አንድ ወታደራዊ ጃኬት፣ ለባል» ተብሎ ተጽፎ ነበር። እኔ ደግሞ በጨርቅ የተጨቃጨቀች እንዳልባል ብዬ፣ ኮራ ብዬ ሳላነብ ፈረምኩ። የአባቴ ጃኬት ትዝ ያለኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ያን ጊዜ ጭንቅላቴን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ሽማግሌ ላክሁበት። ጋሼ ብርሃነ ሥላሴ ሁለታችንንም ያጋቡን ሰው ናቸው፤ ለይግዛው የንስሐ አባት ያህል ነበሩ። ሁለት ጊዜ ሄዱ። በመጀመሪያው እሺ አላቸው፤ በሁለተኛው ወረቀቱን አውጥቶ አሳያቸው። ጋሼ ተመልሰው ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ በር ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ ፈርመሻል እኮ። ለጨርቅ ብለሽ ነፍስሽን አታስጨንቂ» አሉኝ። እርስዎ የደከሙት ይበቃኛል ብዬ ሸኘኋቸው። ጨርቅ ያሉትን ግን ዋጥ አላደረግኩትም።

ጥቅምት ላይ አንድ ደንበኛ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ መጽሔት ረሳ። የሰብሳቢዎቹ ማኅበር መጽሔት ነው። ገለጥ ገለጥ ሳደርግ አንድ ፎቶ ላይ ይግዛው የአባቴን ጃኬት ደረቱ ላይ ዘርግቶ ይስቃል። ከሥሩ የተጻፈውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጃኬቱን ከኮንጎ ዘመቻ ያመጡት የአቶ ይግዛው አባት ናቸው ይላል። የአርማው ታሪክ አለ። የሰባት ቀን እስሩ አለ። የይግዛው አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ከደብረ ዘይት አልፈው ስለመሄዳቸው እጠራጠራለሁ።

ወዲያው ደወልኩለት። አልካደም፤ እንዲያውም ረጋ ብሎ ያስረዳኝ ጀመር።

«እነሱ ከአባት ለልጅ የወረደ ነገር ይወዳሉ» አለኝ። «ከቀድሞ ሚስቴ አባት ብዬ ልጻፍ እንዴ? ያንቺ አባት ሆነ የኔ አባት፣ ለነሱ ምን ልዩነት አለው?»

ስልኩን ዘጋሁት። ያን ቀን የአንድ ሰውዬ ሱሪ አንዱን እግር ከሌላው አሳጥሬ ከፈልኩለት።

ይግዛውን ምን እንደሚጎዳው አውቃለሁ። ብር አይደለም፣ ሴትም አይደለችም። ይግዛው ከነዚያ ሰዎች ፊት ሲቆም ብቻ ነው ስደተኛ የማይመስለው። መጋቢት ላይ ዓመታዊ ገበያቸው ብሮማ አንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ እንደሚካሄድ፣ በዚያውም ቀን ይግዛውን የማኅበሩ መርማሪ አድርገው እንደሚሾሙት መጽሔቱ ላይ ተጽፏል። መርማሪ ማለት ይኼ እውነተኛ ነው፣ ይኼ የተቀጣጠለ ነው ብሎ የሚፈርድላቸው ሰው ነው። በጣም ነው የሳቅኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስፌት ላይ ሆኜ እያንዳንዱን ጃኬት፣ የቱን ዚፕ መቼ እንደሰፋሁ፣ የቱን እጅጌ ከየት እንዳመጣሁ በሐሳቤ እደግም ነበር።

የገበያው ዕለት፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ጥሩ ልብሴን ለብሼ፣ ስፌት መፍቻዬንና አንድ ላይተር በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ። አዳራሹ በአሮጌ ልብስ ሽታ ታፍኗል። ይግዛው ከፊት ለፊት ጠረጴዛ ይዞ ዘጠኝ ጃኬት ሰቅሏል፤ ክራባት አስሯል። የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ዮራን የሚባሉት ነጭ ጢም ያላቸው የቀድሞ መምህር፣ አጠገቡ ናቸው። ሃያ ሠላሳ ሰው ከቧቸዋል። ይግዛው ሲያየኝ ፈገግ አለ፤ ልታረቀው የመጣሁ መሰለው መሰለኝ።

ሰላም ብዬ ማን እንደሆንኩና ምን እንደምሠራ በስዊድንኛ ነገርኳቸው። ከዚያ የመጀመሪያውን ጃኬት አውርጄ ገለበጥኩት። ይኼን ዚፕ እኔ ነኝ የሰፋሁት አልኩ። አንድ ሰው ሳቀ። ከዚፑ ሥር ክር መዘዝኩና ላይተሩን ለኮስኩ። የድሮ ክር ጥጥ ነው፤ ሲቃጠል አመድ ይሆናል፣ ወረቀት ወረቀት ይሸታል። ዛሬ ሱቅ የሚሸጠው ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ጫፉ ላይ ጠጣር ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ፍሬዋን ለዮራን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። በጣታቸው ደጋግመው አሿት።

ሁለተኛውን አወረድኩ። እጅጌው የሌላ ነው። ሦስተኛው፣ ኪሱ። አራተኛው፣ ምልክቱ የራሱ አይደለም። ይግዛው ተይ ደሚቱ፣ ተይ እባክሽ ይለኛል በአማርኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ሰው ሲለምን እንዲህ ደስ ይላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ከይግዛው ጃኬት የገዙ ሰዎች ሲተያዩ አየሁ። አንዱ የለበሰውን እዚያው አውልቆ ገለበጠው።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ አላቆምኩም። አንድ ጎልማሳ ሰውዬ፣ ታዲያ ክሩ ጥጥ የሆነው እውነተኛ ነው ማለት ነው? ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ለይግዛው አንድም መሸሸጊያ ልተውለት አልፈለግሁም። ለምርጦቹ ከሌላ አሮጌ ልብስ የፈታሁትን ጥጥ ክር እጠቀም ነበር፣ እሳትም አያውቀውም አልኩት። ሰባተኛውን አንስቼም፣ ይኼን ከድንኳን ጨርቅ እኔ ነኝ ሙሉውን የሰፋሁት፣ እስቲ ከናንተ ማን አወቀ? አልኳቸው። ይግዛው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አምስት ወር ሙሉ የተመኘሁትን ፊት አየሁት፤ ጠገብኩ።

ዮራን እጃቸውን ዘርግተው የመጨረሻውን ጃኬት አወረዱ። የአባቴን።

ያ እውነተኛ ነው አልኳቸው። የሃምሳ አለቃ ቱፋ ነው፤ አባቴ ነው፤ መጽሔታችሁ ላይ የጻፋችሁት ታሪክ የሱ ነው፣ የይግዛው አባት ኮንጎን በካርታም አያውቁትም። ዮራን ኮሌታውን ገለበጡ። ምልክት የለውም። ከኮሌታው ክር መዘው ላይተሩን ከእጄ ወሰዱ። ቀለጠ።

ኮሌታው ብቻ ነው አልኩ፤ ተበልቶ ስለነበር ነው የገለበጥኩት፤ ሌላ ቦታ ይምዘዙ፣ ከብብቱ፣ ከወገቡ፣ ጥጥ ነው። አፌ ሲንተባተብ ይሰማኛል። ዮራን ትክ ብለው አዩኝ፤ ክፋት አልነበረባቸውም፣ ደክሟቸው ነበር።

«ጥጥ ቢሆንስ?» አሉኝ። «እሳት አያውቀውም ያልሽን አንቺ ነሽ።»

የሚያምነኝ ፍለጋ ዙሪያዬን አየሁ። ሠላሳውም ሰው ጃኬቱን እያየ ነው፣ ሌሎቹን ባዩበት ዓይን። እዚያ አዳራሽ ውስጥ፣ እዚያ ከተማ ውስጥ፣ ጃኬቱ እውነተኛ መሆኑን የሚያውቅ ከኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ዞርኩለት። ለምኜው አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ለመንኩት።

«ይግዛው፣ ንገራቸው» አልኩት። «አባዬን ታውቀዋለህ። ለብሶት በር የከፈተልህ ሰው ነው።»

ይግዛው ከወንበሩ ተነሳ። ክራባቱን አስተካከለ። ለኔ በአማርኛ ሊመልስልኝ ይችል ነበር፤ ሁሉም እንዲሰሙት ግን በስዊድንኛ፣ ቃል በቃል ቀስ ብሎ ተናገረ።

«እሷ ናት የሰፋችው» አለ። «ከዚያው ድንኳን ጨርቅ። የኮንጎውንም ታሪክ አብረን ነው የፈጠርነው።»

ከዚያ ኮቱን አንስቶ፣ ጃኬቶቹን እንደተዘረጉ ትቶ ወጣ። ማንም አላስቆመውም።

ዮራን የአባቴን ጃኬት ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እጅጌውን ወደ ውስጥ አጠፉት፣ ኮሌታውን በመዳፋቸው ዳበሱት፣ አባቴ የትምህርት ቤት በር ሲጠብቅ ክርኑ ላይ ያሳሳውን ቦታ በጣታቸው ተከተሉት። ውሰጂው፣ ያንቺ ሥራ ነው ብለው ሰጡኝ። ተቀበልኳቸው። ሰውዬው ሙያ የሚያደንቁ ሰው ናቸው፤ ከልባቸው ሊያጽናኑኝ ፈልገው ነበር።

«ከሁሉም የበለጠው ይኼ ነው» አሉኝ። «የእውነት አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የለበሰው ነው የሚመስለው።»