የቡሬዋ ኮምፒውተር

ሚሌኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ባሌ የሽዋስ ከባሕር ዳር ሁለት ሚሞሪ፣ ኮምፒውተር የሚያፈጥነውን ቀጭን ሰሌዳ፣ ገዝቶ መጣ። አንዱን ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ማመልከቻ ለምጽፍበት ለእኔ ኮምፒውተር ገጠመልኝ፤ የአማርኛ መጻፊያው እየተንቀራፈፈ ደንበኛ ያሸሽብኝ ነበርና። ሌላውን ቡሬ ወስዶ አምለሰት ለምትባል ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ገጠመላት። ዕቃው አንድ ዓይነት፣ የገጠመውም እጅ አንድ። የእኔው ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። የእሷ ግን በየሳምንቱ አልነሳም ይላል።

ስልኩ ይጮኻል። «አምለሰት ናት፤ ያ ነገር ደግሞ እምቢ አላት» ይለኛል፤ ከዚያ ጸጉሩን ውሃ አስነክቶ ያበጥራል። ኮምፒውተር የሰው ጸጉር ያያል እንዴ?

እኔ ቀናተኛ ነኝ፤ አልደብቅም። ሚኒባስ ተሳፍሮ በሄደ ቁጥር በምጽፈው ማመልከቻ ላይ ከሳሹ ከተከሳሹ ይደባለቅብኛል። በኋላ ቁርጡን ማወቅ አለብኝ አልኩ። ባሌ ባሌ ከሆነ ልወቀው፣ ካልሆነም ልወቀው።

ደግሞ በደወለች ጊዜ «እኔም እሄዳለሁ» አልኩት።

«ሱቁስ?»

«ይዘጋል።»

«ቡሬ ምን አለሽ?»

«በርበሬ ልገዛ።»

ኅዳር ነበር፤ ቡሬ በርበሬ የሚሸመትበት ወቅት። ሊከለክለኝ ምክንያት አጣ። ሚኒባሱ ማንኩሳ ከተማን እስኪያልፍ ድረስ ስልኩን ደጋግሞ ከኪሱ ያወጣል፣ እኔ እንዳየሁት ሲያይ መልሶ ይከተዋል።

አምለሰትን ስስላት የከረምኩት ቀይና ረጅም አድርጌ ነበር። አጭር ጠይም ሆና አገኘኋት። ይሄ ይባስ አናደደኝ፤ በመልክ ብትበልጠኝ ምክንያቱ በገባኝ ነበር።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ» ብላ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። እትዬ! ብንበላለጥ በአንድ ክረምት ነው።

ኮምፒውተሩን አበራችው። ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው፣ ከሆዱ ውስጥ ጢጥ፣ ጢጥ የሚል ድምፅ ይወጣል። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሚሞሪው ቦታውን ለቋል ማለት ነው። ያስተማረኝም የሽዋስ ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ ነው የተዋወቅነው፤ ኮምፒውተሬን ሊጠግን መጥቶ። «ሚሞሪውን አውጪው፣ ወርቃማውን ጠርዝ በላጲስ ጥረጊው፣ ግጥሙን አይተሽ መልሽው» አለኝና ሁለቱን አውራ ጣቶቼን ይዞ ጫፍና ጫፉ ላይ አስቀመጣቸው። «ጫኝ፤ አትፍሪ።» ጫንኩት። ግራና ቀኝ ያሉት ነጫጭ መያዣዎች ቀጭ ብለው ያዙት። «አሁን በእጅ ካልከፈቱት የትም አይሄድ» አለኝ። እጄን ግን አልለቀቀም። እኔ የታጨሁት ያን ቀን ነው፤ ሽማግሌ የመጣው በኋላ ነው።

የሽዋስ የኮምፒውተሩን የጎን ክዳን አነሳ። ሳይጠይቃት ላጲስ አቀበለችው። እኔም ከወንበሬ ተነስቼ በትከሻው በኩል አጎንብሼ አየሁ። ሚሞሪው ከቦታው ወጣ ብሎ ተንጋዷል፤ መያዣዎቹ ወደ ውጭ ተበርግደዋል። አንዱ ብቻ ቢሆን እሺ። ሁለቱም።

የሽዋስም አየ። እኔንም አላየኝ፣ እሷንም አላያት።

«አቧራ ነው» አለ። «ሱቁ ደግሞ መንገድ ዳር ነው፤ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ይነዝረዋል። ይላላል።»

አምለሰት ጥፍሯን ታያለች።

እሷ መንቀሏ አልነበረም አንጀቴን ያሳረረው። ሰው የወደደች ሴት ሰበብ ብትፈጥር ምን ይገርማል? እሱ አይቶ፣ አውቆ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ለእሷ ብሎ መዋሸቱ ነው። ወጣሁና በርበሬዬን ገዛሁ። ስንመለስ ጆንያውን እግሩ ሥር አስቀመጥኩለት፤ ፍኖተ ሰላም እስክንገባ ሲያስነጥስ መጣ። ትንሽ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣ የራሴን ኮምፒውተር ክዳን ከፈትኩ። ሁለቱን መያዣዎች በአውራ ጣቶቼ ገፍቼ በረገድኳቸው። አበራሁት። ጢጥ፣ ጢጥ። ከዚያ ደወልኩለት። መጠገኛ ክፍሉ ከአስፋልቱ ማዶ ነው፤ ጮክ ብዬ ብጣራም ይሰማኛል።

«እምቢ አለኝ» አልኩት።

«ምን ይላል?»

«ጢጥ ይላል።»

«ሚሞሪው ነው። አውጪና በላጲስ ጠርገሽ መልሽው፤ ታውቂው የለ። እኔ ሥራ ይዣለሁ።»

ቡሬ ድረስ ጸጉሩን አበጥሮ ይሄዳል። ለእኔ አስፋልት መሻገር ከበደው።

«ሁለቱም መያዣዎች ተከፍተው አገኘኋቸው» አልኩት።

«ማን ነካው? በእጅ ካልከፈቱት እኮ...»

እዚያ ላይ ቆመ።

«አቧራ ይሆናላ» አልኩት። «ወይ ደግሞ የመኪናው ንዝረት።»

«ያምሮት...» ብሎ ስሜን ጠራ።

«ሥራህን ሥራ።» ዘጋሁበት።

ሚሞሪውን አውጥቼ በላጲስ ጠረግኩት። ግጥሙን አይቼ መለስኩትና በሁለት አውራ ጣቶቼ ጫንኩት። ቀጭ አለ። ኮምፒውተሩ ወዲያው ተነሳ። አላለቀስኩም። ያኔውኑ አንድ ሽማግሌ ስለ ድንበር ማመልከቻ ሊያስጽፉ ገቡ፤ አስቀመጥኳቸውና ስማቸውን መጻፍ ጀመርኩ።

የአባታቸው ስም ላይ ሳልደርስ የሽዋስ በሩ ላይ ቆመ። ብሎን መፍቻውን እንደያዘ ነው፤ ጸጉሩ አልተበጠረም፤ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

«እስቲ ልየው» አለኝ።

«ተነስቷል» አልኩት፣ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳላነሳ።

ሽማግሌው ዞር ብለው አዩት። «ምነው ልጄ፣ ምን አግኝቶህ ነው እንዲህ የምትሮጥ?» አሉት።

«የአባትዎ ስም ማን ይባላል?» አልኳቸው። ከተጋባን ወዲህ ወደ እኔ እየሮጠ ሲመጣ ገና ያን ቀን ማየቴ ነበር።