ውሃ የምታፈሰው ቀይ መኪና

1.

«እህት! መኪናሽ ውሃ እያፈሰሰ ነው!»

2.

ትርሲት መኪናዋን ከገዛች ወዲህ ይህን ያላላት የለም። የታክሲ ረዳት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ነግሯታል። ትራፊክ ፖሊስ አስቁሟት፣ መንጃ ፈቃድ እንኳ ሳይጠይቅ ነግሯታል። የቃሊቲ ሰው የሌላው ጎማ ሲተነፍስ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። መጀመሪያ ሰሞን ቆማ «ጭሷ እኮ ነው» እያለች ታስረዳ ነበር። አሁን እጇን አውጥታ «እግዜር ይስጥልኝ!» ትልና ትነዳለች።

3.

እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር ልበል። መኪናዋ በሃይድሮጅን የምትሄድ ክሮስኦቨር ናት፤ ከቤት መኪና ከፍ፣ ከገጠር መኪና ዝቅ ያለች፣ ደማቅ ቀይ። ሃይድሮጅኑ ከአየር ጋር ሲገናኝ ኤሌክትሪክ ይሰጣታል፤ የሚተርፈው ውሃ ብቻ ነው። ጭስ የላትም፣ ጩኸት የላትም። ሃይድሮጅን የሚሞላው ማደያ ደግሞ በከተማው አንድ ብቻ ነው። እሱንም የፈጠርኩት እኔ ነኝና ሄዳችሁ አትፈልጉ።

4.

ለምን ገዛቻት?

አባቷ።

5.

አቶ ዘርጋው ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአሰብ መንገድ፣ ከነተሳቢው ከባድ መኪና ሲነዱ ነው። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ሳንባቸውም አብሯቸው ወጣ። የናፍጣ ጭስ ከሸተታቸው ሳሉ ይነሳና ትንፋሽ ያሳጣቸዋል። ታክሲ ተሞከረ፣ የጎረቤት መኪና ተሞከረ፤ ሁሉም ከመንገድ መለሳቸው። አሁን በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው ስለ አዋሽ ያወራሉ። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ መኪናውን አቁመው፣ ወርደው ፊታቸውን ሳይታጠቡ አልፈው አያውቁም ነበር። «አንዴ ደግሜ ባየው» ይላሉ፤ ከዚያ ወሬ ይቀይራሉ።

6.

ከመኪና መሸጫው፣ ቃል በቃል፦

ሻጭ፦ ስለ ፍጥነቷ ልንገርሽ?
ትርሲት፦ አስነሳትና እኔ ከኋላ ልቁም።
ሻጭ፦ ከኋላ?
ትርሲት፦ ላሽትታት።
ሻጭ፦ (ያስነሳታል)
ትርሲት፦ (ጎንበስ ብላ) ምንም የለም። ምንም! ወስጃታለሁ፣ የት ነው የምፈርመው?

7.

መኪናዋ ግቢ የገባች ቀን ጎረቤት ሁሉ ወጣ። እትዬ ሙላቷ በሩቁ ቆመው መረቁ። «ጋዝ ነው የምትጠጣው? እኔ የኩሽናዬን ሲሊንደር እንኳ ፊቴን አዙሬ ነው የምለኩሰው! ብቻ የደግ መንገድ ያድርግልሽ!»

አቶ ዘርጋው ዞሯት። ጎማዋን በጫማቸው መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከሥር አዩ።

«ታፈሳለች።»

«አባዬ፣ ጭሷ እኮ ነው።»

«ውሃ በሚያፈስ መኪና በረሃ የገባ ሰው አውቃለሁ። ሞተሩ ነዶ እዚያው ቀረ። እኔ እዚህ ውስጥ አልገባም።»

ትርሲት ሆድ ባሳት። ለእሳቸው ብላ እንጂ እሷማ በባቡርም ትሄድ ነበር።

8.

እሁድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰች። «ዛሬም እምቢ ካለኝ እሸጣታለሁ» ብላ ቆርጣለች። አባቷን ከመጥራቷ በፊት ልታስነሳት ገባች። መኪናዋ አልነሳም አለች፤ ከመሪው ፊት ለፊት፦

ቀይ መብራት።

ደገመች።

ቀይ መብራት።

አባቷ ከበረንዳው ሆነው፣ ሥራውን ጨርሶ እጁን እንደታጠበ ሰው ዘና ብለው ያዩዋታል።

«አሁንስ አታፈስም፣ አይደል?» አሏት።

9.

ታንከርህ በረሃ መሀል ቢያፈስብህ፦

የልብስ ሳሙና ቁረጥ። በእጅህ አሽተህ አለስልሰው። ቀዳዳው ላይ ጠቅጥቀው። መንገድህን ቀጥል።

ይህ ዘዴ አቶ ዘርጋውን ከስንት ጉድ አውጥቷቸዋል። ልጃቸው ልትሳለም ስትወጣ በቀይዋ መኪና ማርሚታ፣ ጭስ ሊወጣበት በሚገባው ቱቦ ውስጥ፣ ግማሽ ሳሙና ጠቅጥቀውበታል።

10.

«አባዬ! ምን አደረግክ?»

«አልገባባትም አልኩ እንጂ አንቺ መንገድ ላይ ትቅሪ አላልኩም! ቀን በቀን ስታፈስ እያየሁ ዝም ልበል?»

ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ሳቅ ነው። ግቢው ውስጥ ያለ ድንጋይ ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች። ከዚያ ሳሙናውን በማንኪያ እየፈለፈለች አወጣችና መኪናዋን አስነሳች። አባቷ እንዴት እንደምትሆን ሊያዩ ማርሚታው አጠገብ ቁጢጥ አሉ።

አረፋ።

አረፋ አረፋ።

አረፋ          አረፋ     አረፋ

                    አረፋ

በአጥሩ ላይ፣ በእትዬ ሙላቷ ልብስ ማስጫ ላይ፣ በአቶ ዘርጋው ሽበት ላይ አረፋ።

«ኧረ ልብስም ታጥባለች!» አሉ እትዬ ሙላቷ።

አቶ ዘርጋው ሳቁ። ከልባቸው ሳቁ። ትርሲት ግን ክው አለች፤ አባቷ ሲስቁ ከሳቁ ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቃለች። ያውም ፊታቸው ማርሚታው ላይ ነው።

11.

ሳሉ






አልመጣም።

12.

አቶ ዘርጋው አየር ሳቡ፤ እንደገና ሳቡ፤ ረጅም ትንፋሽ። መዳፋቸውን ከቱቦው ሥር ዘረጉ፣ ለብ ያለው ውሃ ጠብ ጠብ አለበት። ያንን ውሃ ግንባራቸው ላይ አደረጉት።

«ጭሷ ነው» አሉ ለእትዬ ሙላቷ፣ ራሳቸው እንደፈለሰፏት ሁሉ።

ከዚያ ኮታቸውን ለብሰው መጡና፣ ማንም ሳይለምናቸው የመኪናዋን በር ከፍተው ገቡ። የተረፈውን ግማሽ ሳሙና በጋዜጣ ጠቅልለው ከፊት ለፊታቸው ካለው የመኪናዋ ኪስ ከተቱት።

«አባዬ፣ እሱን ደግሞ ለምን?»

«መንገድ ነው፤ አይታወቅም። ሙሉ ናት?»

«ሙሉ ናት።»

እትዬ ሙላቷ እልል እያሉ የግቢውን በር ከፈቱላቸው። ትርሲት መሪውን ይዛ አባቷን አየች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«በል እሺ፣ ወዴት ልንዳ?»

13.

(እዚህ የቦታ ስም ነበር፤ ሰረዝኩት። በረንዳው ላይ ሲያወሩ ሰምታችኋቸዋል፣ እናንተው ሙሉት።)

«ወደ                                        »