የሙቅ ውሃው በርሜል

አበልጅ ከወንድም ይበልጣል ብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሞኝ! ፈቃደ የበኩር ልጄን ገብረ መድህንን ክርስትና ያነሳው በአርባ ቀኑ ነው። የዚያን ዕለት ከድግሱ መሀል ወደ ጓሮ ወስጄ ለሚስቴ ለቦጋለች እንኳ ያልነገርኳትን ነገርኩት። ቀኝ እግሬ ይጎተታል። ግራ ዓይኔ ሦስት ሳምንት ጭጋግ ለብሶ ከርሞ በራሱ ጊዜ ጠራ። ሁሉም የሚብስብኝ ሰውነቴ ሲሞቅ ነው፤ ብርድ ሲያገኘኝ ደህና ሰው እሆናለሁ።

«በልጃችን ይዤሃለሁ፣ ከአፍህ እንዳይወጣ» አልኩት።

«ምን ነካህ አበልጄ! ከተናገርኩ ምላሴ ይቆረጥ» አለኝ።

ሁለታችንም ከአሰላ እስከ ኢተያ ያለውን የስልክ ሽቦ የምንጠግን ሠራተኞች ነበርን። ምሰሶ ላይ የምወጣው እኔ፣ ከታች ገመድ የሚይዘው እሱ። እግሬ አልታዘዝ ሲለኝ እሱ ወጥቶ ሽቦውን ያስርና አለቃችን ሲጠይቅ «አሰግድ ነው የሠራው» ይላል። እንዴት አልወደው!

በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምህረት ምሰሶ የሚወጣ ሁሉ በሐኪም ይመርመር የሚል ትእዛዝ መጣ። ያላለፈ ከሥራው ይነሳል። እኔ ሌላ ሙያ የለኝ፣ የማርሰው መሬት የለኝ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ ደረጃ ያስወጣል፣ በአንድ ትንፋሽ ጮክ ብለህ ቁጠር ይላል ሲሉ ሰማን። ቤቴ ብሞክረው አሥራ ዘጠኝ ላይ ደረቴ ባዶ ሆነ። ለካ ትንፋሼም አጥሯል! አለቀልኝ አልኩ።

«አይዞህ፣ እንለማመዳለን» አለ ፈቃደ።

ሁለት ወር ሙሉ ጎህ ሲቀድ የጭላሎ ተራራን ግርጌ ዳገት ወጣን። ብርዱ ሌላውን ሰው አጥንቱን ሰርስሮ ይገባል፤ ለእኔ መድኃኒቴ ነበር። ትንሽ እሄዳለሁ፣ አርፋለሁ፣ እንደገና እነሳለሁ። ሆዴን ነፍቼ አየር አስገባና ቀስ እያልኩ እየቆጠርኩ አወጣዋለሁ። እሱ ከጎኔ ሆኖ «ሃያ ስድስት! ጀግና!» ይላል። ሠላሳ ስምንት የደረስኩ ቀን አቅፎ ሳመኝ።

የምርመራው ዕለት ጠዋት ወንዝ ወርጄ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተነከርኩ። ሐኪሙ ፊት ሠላሳ ስድስት ቆጠርኩ። ደረጃውንም ሳልደናቀፍ ወጣሁ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ሸሚዜን ላጠልቅ ስል የሚያስተረጉምለት የክሊኒኩ ድሬሰር «ቆይ፣ አንድ ይቀርሃል» ብሎ የጓሮውን በር ከፈተ። አንድ በርሜል ሙሉ ሙቅ ውሃ እንፋሎቱ ይትጎለጎላል።

«ሌሎቹም እዚህ ገብተዋል?» አልኩት።

«የለም፣ ላንተ ብቻ ነው የታዘዘው» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ያኔ ገባኝ። ሙቀት እንደሚጥለኝ የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው። እምቢ ብል ያው መባረር ነውና ገባሁ። ስወጣ እግሬ እንደ ራሰ ጨርቅ ታጠፈ። ሐኪሙ እንደገና ቁጠር አለኝ፤ አሥራ አንድ ላይ ቆምኩ።

በማግስቱ የምሰሶ መውጫውን ብረት ፈቃደ እግሩ ላይ አሰረ።

እሑድ ምንም እንዳልተፈጠረ ቤቴ ከች አለ! ቦጋለችን ዕረፍት ተሰጥቶኝ ነው ብያት ስለነበር ደስ ብሏት ወንበር አቀረበችለት። እሷ ጓዳ ስትገባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ከላይ ብትወድቅስ? ልጃችን ያለ አባት እንዳይቀር ብዬ ነው» አለኝ።

«ታዲያ ለእኔ አትነግረኝም ነበር? ሁለት ወር ሙሉ ዳገት ለዳገት ምን አንከራተተህ? አንተ ከሀዲ!»

 ገብረ መድህን ሮጦ መጥቶ የፈቃደን ጉልበት አቀፈ። አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ደሜ ፈላ፤ ልጄን ልቀቅ፣ ከቤቴ ውጣ ልለው ተነሳሁ። እግሬ ከዳኝ፣ ድምፄም አልወጣ አለ። ቦጋለች ከጓዳ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፌ ሳቃስት አየችኝና ጮኸች።

«አትደንግጪ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አምጪለት። ሲሞቀው እንዲህ ያደርገዋል» አላት ፈቃደ።

«እንዲህ ያደርገዋል? ከመቼ ጀምሮ?»

እሱም ልጄን እንዳቀፈ፣ እኔ ትንፋሼን እስክሰበስብ ድረስ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገራት።